የድልድዩ መርዶ

የሥራ ዘመን ትዝታ ለመጻፍ ሽበት ያስፈልጋል ይላሉ። እኔ ጢሜ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ጡረታ የወጣው ግን ሙያዬ ነው። በመንገድ ሥራ ካምፕ የፈረንጅ መሐንዲስ አስተርጓሚ ነበርኩ። ባለፈው መስከረም ያገራችን ልጅ የሆነ መሐንዲስ ከአዲስ አበባ ተሹሞ መጣ። ስለ ሲሚንቶው በአማርኛ ሲጠይቅ፣ ስለ ጠፋው አካፋ በአማርኛ ሲቆጣ ስሰማ፣ መሀል ቆሜ የምሠራው ነገር እንደሌለ ገባኝ። ለአገሬ ደስ አለኝ፤ ለራሴ ትንሽ ከፋኝ። አሁን ዳንግላ ከተማ ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ፣ መልሼም እቀድደዋለሁ።

ይህ ጽሑፍ ግን የሚገባው ለሌላ ሰው ነው። አያ ተገኘ ይባላሉ፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አስተርጓሚ ናቸው። እኔ ከካምፑ ሳልወጣ እሳቸው ቀድመው ወጥተው ዛሬ ገብሳቸውን ያርማሉ። ማንበብ የሚችሉት የሰው እጅና የወንዝ ዳር ብቻ ስለሆነ ይህን አያነቡትም፤ ሄጄ አነብላቸዋለሁ።

የተወለድኩት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። በቤታችን የሚነገረው አገውኛ ነው። አማርኛን ያገኘሁት ከቄስ ትምህርት ቤት ነው። ቅኔም ጀምሬ ነበር፤ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። አባቴ «አንተ ልጅ፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እንግሊዝኛን ደግሞ የተማርኩት ከጣሳ፣ ከሣጥንና ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ቆሰበር ካምፕ ውስጥ ድንጋይ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ሳለሁ፣ ሌላው ሲያርፍ እኔ የተጻፈውን ሁሉ እየዞርኩ አነብ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ቃሎቼ በሙሉ ዕቃ እንዳይጎዳ የሚያስጠነቅቁ ነበሩ፦ እንዳይረጥብ፣ እንዳይወድቅ፣ ይህኛው ወገን ወደ ላይ ይሁን።

አንድ ቀን የዘይት በርሜል ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ፣ ካፖርት የደረቡ ቀጭን ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመው አገኘኋቸው።

«ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«በርሜሉ።»

«እንግዲያው አስተማሪህ ባዶ ነበር» አሉና በጣታቸው በርሜሉን ኳ አደረጉት። «ነገ ወደ እኔ ና።»

አያ ተገኘ እንግሊዝኛ የተማሩት፣ ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል ከገቡት የእንግሊዝ መኮንኖች ጋር በቅሎ ሲጭኑ ነው። ስለዚህ አጭርና ደረቅ ነበር፤ ሁሉም ዓረፍተ ነገር ትእዛዝ ይመስላል። ነገር ግን እንደሳቸው ቃልን የሚያከብር ሰው አላየሁም። ያላዩትን ነገር አይተረጉሙም። መሐንዲሱ «ግድግዳው ተሰንጥቋል» ቢላቸው፣ ከመናገራቸው በፊት ሄደው ግድግዳውን ያያሉ፣ ጣታቸውንም ስንጥቁ ውስጥ ይሰዳሉ። በሥራ ቀን ጠላ አይቀምሱም። ሲያስተረጉሙ ከተናጋሪው ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ይቆማሉ፤ ዓይናቸውም የሚያርፈው በሰሚው እጅ ላይ ነው። «ሰው ፊቱን ያስተካክላል፤ እጁን ግን ይረሳዋል» ይሉኝ ነበር። የሰሚው እጅ ልብሱን መጎተት ከጀመረ፣ ነገሩ አልገባውም ወይም በጣም ገብቶታል ማለት ነው፤ በሁለቱም በኩል ቆም ይላሉ።

የመንገድ ሥራ እንግሊዝኛ ከሁሉ በላይ የጉዳት እንግሊዝኛ ነው። ደህና ለሆነ ነገር መሐንዲስ አይጠራም። አያ ተገኘ ይህን ስለሚያውቁ ማስተማር የጀመሩኝ በሰላምታ አልነበረም። የክፍላቸው መስኮት ደፍ ላይ የተደረደሩ ዕቃዎች ነበሩ፤ አንድ በአንድ እያነሡ በእጄ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። የዛገው ምስማር ኮሮድ ነው፤ ብረትን አየርና እርጥበት ሲበሉት። ከወንዝ ያነሡት ድቡልቡል ጠጠር ኢሮድ ነው፤ ውኃ ወይም ነፋስ ከላይ ጥቂት በጥቂት ሲሸረሽር። የረገበው የኮርቻ ጠፍር ዊክን ነው፤ ነገሩ አለ፣ ጉልበቱ ግን ሄዷል። ጫፉ የሳሳው አሮጌ ማረሻ ዌር ነው፤ ማንም ሳይበድለው በማገልገሉ ብቻ ያለቀ። የነቀዘ ባቄላም ነበራቸው፤ ለዚያ የሚሆን አንድ እንግሊዝኛ ቃል አጥተው ነበርና ባየነው ቁጥር ያሳዝናቸው ነበር።

«ጉዳት ስትሰማ ሦስት ነገር ጠይቅ» አሉኝ። «ማን ጎዳው? ከየት በኩል? አሁንስ ይሸከማል? ይህን ሳታውቅ አፍህን አትክፈት።»

አንደርማይን ለሚለው ቃል ግን መስኮቱ ላይ ምንም አልነበረም። ወንዝ ዳር ወሰዱኝና ለምለም ሣር የበቀለበት ጠርዝ ላይ እንድቆም አዘዙኝ። ቆምኩ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ከዳኝና እስከ ወገቤ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ውኃው ከታች ቦርቡሮት ኖሯል፤ ከላይ ግን ሣሩ እንደ ሠርግ ቤት ጉዝጓዝ ያምር ነበር። አያ ተገኘ እጃቸውን ዘርግተው እያወጡኝ፣ «እሱ ነው ቃሉ» አሉ፤ አልሳቁም። በኋላ ግን ለሠራተኛው ሁሉ ሲያወሩት እየሳቁ ነበር።

አለቃችን ሚስተር ኮል ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ እንግሊዛዊ ነበር። ከእሱም ብዙ ተምሬአለሁ። አንድ ጊዜ ሻዩ ዊክ ነው ቢለኝ፣ ሄጄ ለወጥ ቤቷ ሻዩ ታሟል አልኳት፤ እሷም አማተበችና ደፋችው። በኛ አገር ሻይ ይቀጥናል እንጂ አይደክምም። በሱ ቋንቋ ግን ሻይም፣ ግድግዳም፣ ሰበብም፣ ሹምም በአንድ ቃል ይደክማሉ። ይህ ለግጥም ጸሐፊ ሀብት ነው፤ ለአስተርጓሚ ግን ጉድጓድ ነው።

ደመወዙ ብዙ አልነበረም። ጫማ ገዛሁበት፤ ለእናቴም ጋቢ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ዳንግላ ተዛውረን በሠራንበት ዓመት የሆነውን አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ግሬደሩ መንገድ ሲያሰፋ የአንዲት ባልቴት የጌሾ ጓሮ ላይ ወጣ። ሚስተር ኮል መጥቶ አየና «ቀላል ዳሜጅ ነው» አለ፤ ቀላል ጉዳት ነው ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፤ ለመንገድ ሰው ጥቂት ቁጥቋጦ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ «አፈረሱኝ» አለች። እኔ ቸኩዬ፣ ጓሮዬ ተጎዳ ትላለች ብዬ ልተረጉም ስል አያ ተገኘ እጄን ያዙኝ። ለሚስተር ኮል ጌሾ ተተክሎ እስኪደርስ ስንት ክረምት እንደሚጠበቅ፣ ሴትዮዋ ጠላ ሸጣ እንደምትኖር ነገሩት። ከዚያ በኋላ ብቻ «ቤቴን አፈረሳችሁት ትላለች» አሉት። ሚስተር ኮል ለጥቂት ጊዜ ጓሮውን አየ። ከዚያ ግሬደሩ ወደ ሌላው ጠርዝ እንዲዞር አዘዘ። በመንገድ ስንመለስ አያ ተገኘ፣ «የጉዳት ልኩ ባለቤቱ ዘንድ ነው ያለው፤ ከሚያየው ዘንድ አይደለም» አሉኝ።

ቆሰበር ተመልሰን ሳለን፣ በክረምት፣ የሥራ ዘመኔ ከባዱ ነገር መጣ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ አንድ የገብርኤል ደብር የሚወስድ የጠጠር መንገድ ነበር። በመንገዱ ላይ ያለውን ወንዝ የሚያሻግረውን የድንጋይ ድልድይ ያገሩ ሰው ነው ከመንገድ ሥራ ጋር ሆኖ የሠራው፤ ወንዱ ድንጋይ ፈልጧል፣ ሴቱ አዝሏል። ሲያልቅ ካህናቱ ጠበል ረጭተው ባርከውታል። ሰው ሲምል እንኳ «እንደ ድልድያችን ያጽናኝ» ይል ነበር። በዚያ ክረምት ውኃው ከወትሮው በልጦ መጣ። ሚስተር ኮል በገመድ ታስሮ ወርዶ የድልድዩን ሥር አየና ፊቱ ተለዋውጦ ወጣ። አንደርማይንድ ነው አለ። ከላይ ምንም ስንጥቅ የለም፤ ከታች ግን ውኃው መሠረቱን ቦርቡሮ ዋሻ አድርጎታል። ክረምቱ ሳይወጣ መጠገን አይቻልም። የሐምሌ ገብርኤል ደግሞ ደርሷል፤ በዚያ ቀን ፈረሰኛው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ነው የሚሻገረው።

በድልድዩ አፍ ሰንሰለት አሰርን። ሰው ሰንሰለቱን አንሥቶ ማለፍ ጀመረ። ዘበኛም ቆመ፤ ዘበኛው ግን የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አጎቱን ምን ብሎ ይከልክል? ሚስተር ኮል በገበያ ቀን ለሕዝቡ ይነገር አለ። አያ ተገኘ ዘመድ ሞቶባቸው ዳንግላ ለቅሶ ሄደው ነበር። ስለዚህ የተላክሁት እኔ ነኝ። የተላክሁት በደስታ ነው፤ ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር ግጥም እንደማንበብ መስሎኝ ነበር።

ገበያው መሀል ካለ ድንጋይ ላይ ወጣሁና ሳላቅማማ ተናገርኩ። ድልድዩ ይወድቃል አልኩ። ዛሬ ይሁን ነገ አይታወቅም፣ ይወድቃል፤ ማንም አይሻገርበት።

የሚመዝነው መመዘኑን አቆመ፣ የሚከራከረው ቀና አለ። ከዚያ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ በሪሁን፣ ጥቁር ካባቸውን እየሰበሰቡ ቀረብ አሉኝ። የዋህ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው።

«ልጄ ይስማው» አሉኝ፤ ስሜ ነው። «በቆመ ነገር ላይ ክፉ አይነገርም። ቃልህን መልስ።»

«አባቴ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ መሐንዲሱ ነው።»

«አፉ ያንተ ነው። አይወድቅም በል፤ ያጽናው በል።»

እንዴት ልበል? የተላክሁት ተቃራኒውን ልናገር ነው። ቃሌን ሳልመልስ ስቀር ገበያው መንጫጫት ጀመረ። ሟርተኛ አሉኝ። አንዱ እናትህ ምን አብልታ ነው የላከችህ አለኝ። ድንች የምትሸጥ እትዬ የሺ የምትባል ሴት፣ ምላሷ የተሳለ፣ ባለችበት ተቀምጣ፦

ድልድይ ይወድቃል ሲል ያ ሟርተኛ ልጅ፣
አድማሱ ይለፍበት እያለ ሂጅ ሂጅ።

ብላ ገጠመችልኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሁሉ መሀል ቤት አመታቷ አስቀናኝ።

አድማሱ ያገሩ ዝነኛ ፈረሰኛ ነው፤ ሂጅ የሚላት ባዝራውን ነው። ግጥሙ ስሙን ከጠራ በኋላ ሊቀር አይችልም። በኛ አገር ክፉ ቃል የተነገረበትን ነገር ደፍሮ የረገጠው ሰው ቃሉን ያከሽፈዋል ይባላል። አድማሱም በዳማ ባዝራው ኮርቻ ላይ ጉብ አለና ወደ ወንዙ ጋለበ፤ ገበያተኛው ተከተለው። ድልድዩን እየጋለበ ተሻገረ፤ ዞሮ ደግሞ እያስጨፈረ ተመለሰ። ድልድዩ ምንም አልሆነም። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ በኋላ ጉዳይ ያለውም የሌለውም፣ ሟርቱን ለማክሸፍ፣ ወዲያና ወዲህ ሲሻገርበት ዋለ። ከእኔ ንግግር በፊት የሚጠራጠሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ከእኔ ንግግር በኋላ አንድም አልቀረም።

በዚያ ሰዓት ከድልድዩ ሥር የኛ ሠራተኞች ለጊዜው በግንድ ይደግፉት ነበር። ከላይ ያለው ግርግር አንድ ድንጋይ አናወጠና ለቀቀው። ፈንቴ የሚባል ጓደኛችን እጅ ላይ ወደቀ። ሁለት ጣቱን አጣ።

እየሮጥኩ ሄጄ ለሚስተር ኮል ነገርኩት። ፈንቴ ዳሜጅ ሆኗል አልኩት። የሕክምና ሣጥኑን አንሥቶ እየተራመደ፣ ሳይቆጣ፣ «መኪና ነው ዳሜጅ የሚሆነው። ሰው ሀርት ይሆናል» አለኝ። ለሰው ጉዳት የተለየ ቃል እንዳላቸው በዚያ ቀን አወቅሁ፤ ባላውቀው በወደድሁ። ፈንቴን አክሞ ወደ ሐኪም ቤት ከላከው በኋላ ደግሞ፣ «ማስጠንቀቂያዬ ወደ ገበያ ሲሄድ ጠንካራ ነበር፤ አሁን ግን ደክሟል። ማን እንዳደከመው አልጠይቅህም፤ ማን መልሶ እንደሚያጠነክረው ግን ንገረኝ» አለ። በዓሉ በዚያው ሳምንት ነው።

አያ ተገኘ ከለቅሶ ተመለሱ። መጀመሪያ ፈንቴን ጠየቁት፤ ቀጥለው ወንዙ ሥር ወርደው አዩ፤ ከዚያ ነው ወደ እኔ የመጡት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ምን አልካቸው?» አሉኝ።

«ይወድቃል አልኩ።»

«እሱ ሟርት ነው። የሚመጣውን ክፉ አንተ ጠራኸው፤ ሰው ደግሞ የተጠራ ክፉን ይመክታል። እነሱ ምን አጠፉ? አገሩ ያስተማራቸውን አደረጉ።»

«ታዲያ ምን ልበል ኖሯል?»

«እኔ ከየት ነው የመጣሁት?» አሉኝ።

«ከለቅሶ።»

«እዚያ መርዶ የተነገረው እንዴት ነው? ይሞታል ተብሎ ነው?» ካፖርታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉ። «መርዶ የሆነውን ነው የሚናገረው። መርዶን ማንም በፈረስ አያከሽፈውም። ሚስተር ኮል የነገረህ የሚሆነውን አይደለም፣ የሆነውን ነው። ሥሩ ተበልቶ አልቋል። ይህ ሰው ቢሆን ሞቷል እንለዋለን።»

በማግሥቱ ወደ አድማሱ ቤት ሄድን። አድማሱ እኔን ሲያይ ሳቁን አልደበቀም። «ሟርተኛውን ይዘውት መጡ አያ ተገኘ? ባዝራዬን እንዳያይብኝ» አለ።

አያ ተገኘ፣ «ክንድህን አበድረኝ» ብቻ አሉት።

ሦስታችን ወደ ወንዙ ወረድን። ውኃው ጎደል ብሎ ነበር። አያ ተገኘ ከድልድዩ እግር ሥር ያለውን ጥቁር ቀዳዳ አሳዩትና ክንዱን እንዲሰድ ነገሩት። አድማሱ ሰደደ። እስከ ክርኑ ገባ፤ እስከ ብብቱ ገባ። ጉንጩን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ጣቱን ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅስ ይታየኝ ነበር፤ የሚነካው ነገር አጥቶ ነው። ክንዱን ሲያወጣ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

«ባዝራዬ በዚህ ላይ ነው የጋለበችው?»

«በዚህ ላይ ነው።»

እጁን ታጠበ። አያ ተገኘም፣ «እንግዲህ መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም፤ ነገ ማለዳ ትከተለኛለህ» አሉት።

በማግሥቱ ማለዳ ቄስ በሪሁን ቤት ተሰበሰብን። ያገሩ ሽማግሌዎች አሉ፣ እትዬ የሺ አለች፣ የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴው ሰይድም መጥቷል፤ ዕቃው የሚያልፈው በዚያ ድልድይ ነውና። ሚስተር ኮል አልመጣም፤ አያ ተገኘ እንዳይመጣ ለምነውት ነበር። እኔን በር አጠገብ አስቀመጡኝ፣ እንዳልናገርም አዘዙኝ። እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው ለብሰው ነበር። ሰላምታው ረዘመ። ስለ ገብሱ ተጠያየቁ፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቁ። ከዚያ ዝም አሉ። ዝምታው ሲበዛ ቄስ በሪሁን ነገሩ ገባቸው።

«ተገኘ፣ ምን ሰማህ?»

«የሰው ክፉ የለም አባቴ። ብቻ ያ ድልድያችን ከታመመ ቆይቷል።»

«ይኸ ልጅ አሟርቶበት ነው እንጂ» አለች እትዬ የሺ፣ በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች።

«ልጁ ሳይናገር ነው የታመመው። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ውኃው ሥር ሥሩን ይበላው ነበር። እኛ ፊቱን እያየን ደህና ነው አልን። በሽታውን ችሎ ሲያሻግረን ከረመ።»

«አሁንስ?» አሉ ቄሱ።

አያ ተገኘ ወደ አድማሱ ዞሩ። አድማሱ መሬት መሬት እያየ፣ «በክንዴ ዳሰስኩት አባቴ። ሥር የለውም» አለ።

«አርፏል» አሉ አያ ተገኘ።

እትዬ የሺ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ከዚያ ደረቷን በመዳፏ መታ አድርጋ፣ «ያን ሁሉ ድንጋይ በጀርባዬ አዝዬለት፤ የመጨረሻ ልጄን እርጉዝ ሆኜ» አለች፤ እንባዋም መጣ። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ። እኔ የጠበቅሁት የአነጋገር ዘዴ ነበር፤ ያየሁት ግን እውነተኛ ሐዘን ነው። ለካስ የሚያዝኑለት ነገር ነበራቸው፤ እኔ በገበያ መሀል ቆሜ ያንን ነው የነጠቅኳቸው።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትናንት እኮ ቆሞ አይቼዋለሁ» አለ በቀስታ።

«እኔም ቆሞ አይቼዋለሁ ሰይድ» አለ አድማሱ። «ቆሞ ነው የሞተው።»

«እንግዲያው ነፍስ ቢኖረው ነፍሱን ይማር እል ነበር» አለ ሰይድ። አንዱ ሽማግሌ ሊስቅ ሲል ሳሉን አመጣ፤ ቤቱ ትንሽ ቀለል አለው።

ቄስ በሪሁን ተነሡ። ስንባርከው እንዲያገለግለን ነው የባረክነው፣ አገልግሎን ዘመኑን ጨርሷል አሉ። በሞተም ላይ አይረገጥም አሉ። የበዓሉ ሕዝብ ከቀርከሃው ዳር ባለው መልካ ዞሮ እንዲሻገር ተወሰነ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጭቃም አለው፣ ግን ማንም አላጉረመረመም። አድማሱ ፊት ፊት እንዲመራ ታዘዘ።

ለሚስተር ኮል ስንነግረው ግራ ገባው። ያልወደቀውን ድልድይ ሞቷል ብላችሁ እንዴት ትናገራላችሁ አለ፤ ውሸት እንዳይሆን ፈርቷል። አያ ተገኘ በዚያች አጭር እንግሊዝኛቸው፣ አንተ መሠረቱ የለም ብለኸኛል፣ እኔም መሠረቱ የለም ብያለሁ፣ በእነሱ ቋንቋ አሉት። ሚስተር ኮል አሰበበት። ከዚያ ሰንሰለቱ ይፈታ ወይ ብሎ ጠየቀ። አያ ተገኘ ይቆይ አሉ፤ ለእንግዳ ሰው።

በገብርኤል ዕለት ወንዙ ዳር ካለው ጉብታ ላይ ቆመን እናይ ነበር። ፈረሰኞቹ እያስገመገሙ መጡ። አድማሱ ድልድዩ አፍ ሲደርስ ከባዝራው ወረደ፣ ባርኔጣውንም አወለቀ። ተከታዮቹ ሁሉ ወረዱ። ፈረሳቸውን እየሳቡ፣ በአዲስ መቃብር አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው ዝም ብለው አለፉና ወደ መልካው አቀኑ። ሴቶቹም ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ተከተሉ። ከሌላ ወረዳ የመጣ አንድ ፈረሰኛ ድልድዩን እያየ፣ «ይህን የመሰለ ድልድይ ትታችሁ ጭቃ ትገባላችሁ? ፈረሳችሁ ፈሪ ነው?» ብሎ ተሳለቀ።

አድማሱ ዘወር ብሎ፣ «በእናንተ አገር ሬሳ ላይ ይጋለባል ወይ?» አለው። ሰውዬው ወረደ።

ሚስተር ኮልን ሰርቄ አየሁት። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። አያ ተገኘ ግን የሚያዩት እንደ ልማዳቸው የሰዉን እጅ ነው፤ ልጓም የያዘውን፣ ሕፃን የያዘውን፣ ሁሉም ተሻግሮ እስኪያልቅ።

ለዚያ ቀን አያ ተገኘን ያመሰገናቸው ሰው የለም። እሳቸውም ምስጋና አልጠበቁም፤ ጫማቸው ጭቃ ስለነካ ብቻ ሲያማርሩ ተመለሱ። ምስጋናው የኔ ዕዳ ነው፤ እዚህ ላይ እከፍላለሁ። ፈንቴን ዛሬም ድረስ እጠይቀዋለሁ፤ በቀሩት ጣቶቹ ከእኔ የተሻለ ቀርከሃ ይሠነጥቃል። እሱም ቂም የለውም፤ ይህም ከሰው ያገኘሁት ስጦታ ነው።

በዓሉ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በቀትር፣ ዝናብም ሳይኖር፣ ድልድዩ ወደቀ። ከዘበኛው ጋር ቆሜ ነበር። መጀመሪያ መሀሉ እንደደከመው ሰው ዝቅ አለ፤ ቀጥሎ ሁሉም ተያይዞ ገባ። ውኃው ጥቂት ቆመና ሌላ መንገድ አግኝቶ ቀጠለ። በላዩ ሰው አልነበረም፤ ከብት እንኳ አልነበረም።

የገበያ ቀን ነበር። እየሮጥኩ ቆሰበር ገባሁ። ላቤ እየተንጠፈጠፈ በገበያው መሀል ሳልፍ እትዬ የሺ ከድንቿ ኋላ ሆና አየችኝና ምን ሆነህ ነው አለችኝ።

«ድልድዩ ወደቀ» አልኳት። «አሁን፣ በዓይኔ አየሁት።»

የሚመዝኑ መመዘናቸውን አላቆሙም፣ የሚከራከሩ ቀና አላሉም። እትዬ የሺ ለደንበኛዋ አንድ ድንች ጨመረችና ወደ እኔ ዞረች።

«ውይ ልጄ፣ አንተ ገና አላለቀስህለትም?» አለችኝ። «እኛማ እርማችንን አውጥተናል።»